በስህተት ብር ልኬብዎታለሁ

በስልክ ከሚፈጸሙ የማጭበርበር ዘዴዎች መካከል አንዱ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጥ ያናድደኛል። መጀመሪያ አጭር የጽሑፍ መልእክት ይደርሳል። መልእክቱ 4,500 ብር ወደ ተቀባዩ የሞባይል ገንዘብ ሒሳብ መግባቱን የሚገልጽ ሲሆን፣ የላኪው ስም፣ ቀኑ፣ ሰዓቱና የግብይቱ ቁጥር ሳይቀር ተዘርዝሮበታል። ብዙም ሳይቆይ ስልኩ ይጮኻል። ደዋዩ ትንፋሹ የተቆራረጠ፣ አነጋገሩ ትሑት የሆነ ወጣት ነው። «ይቅርታ እናቴ፣ በስህተት ብር ልኬብዎታለሁ፤ ሆስፒታል ለተኛችው እኅቴ መድኃኒት መግዣ ነበር፤ አንዲት ቁጥር ተሳስቼ ነው። ለድካምዎ 100 ብር አስቀርተው ሌላውን ቢመልሱልኝ እግዚአብሔር ይስጥዎ» ይላል። በሠፈራችን አነስተኛ ሱቅ ያላቸው እናት ይህ በደረሰባቸው ዕለት መቶዋን ብር እንኳ ማስቀረት አሳፍሯቸው 4,500 ብሩን ሳያጎድሉ «መለሱ»። ማታ ሒሳባቸውን ሲያዩ የገባ ምንም ገንዘብ አልነበረም፤ የወጣው ብር ለነገ ዕቃ መግዣ ያስቀመጡት ነበር።

ዘዴው ሲነገር ቀላል ይመስላል። የማጭበርበሪያው መልእክት የሚመጣው በ09 ወይም በ07 ከሚጀምር ተራ የሞባይል ቁጥር ነው፤ የቴሌብር እውነተኛ መልእክት ግን ከ127 ይመጣል፤ የባንኮቹም መልእክት በባንኩ ስም እንጂ በግለሰብ ቁጥር አይላክም። ከዚህም በላይ እውነተኛው መልእክት የገባውን ገንዘብ ነግሮ አያበቃም፤ አሁን ያለውን ቀሪ ሒሳብም ይገልጻል። አጭበርባሪው የሰውየውን ቀሪ ሒሳብ ስለማያውቅ ይህን መስመር ይዘለዋል፤ አለዚያም ከራሱ ይፈጥራል። ይህን ሁሉ እኔ ተረጋግቼ ተቀምጬ ስጽፈው ግልጽ ነው። ባለሱቋ ግን ስኳር እየመዘኑ፣ ደንበኞች ፊታቸው ቆመው፣ ጆሯቸው ላይ ደግሞ የታመመች እኅት ያለችው ሰው እየተለማመጣቸው ነበር። ብዙው የባንክ መልእክት በእንግሊዝኛ መጻፉም ሌላ ችግር ነው፤ ቋንቋውን የማያነብ ሰው ዐይኑ የሚያርፈው በቁጥሩ ላይ ብቻ ነው፤ ቁጥሩ ደግሞ የአጭበርባሪው ነው።

እኔን የሚያናድደኝ ግን የዘዴው ቅለት አይደለም። ይህ ወጥመድ ሐቀኛውን ሰው ብቻ መርጦ የሚይዝ መሆኑ ነው። በስህተት የገባለትን ገንዘብ ዝም ብሎ ሊያስቀር የሚፈልግ ሰው የደዋዩን ልመና ሰምቶ ስልኩን ይዘጋል፤ አንዲት ሳንቲም አይጎድልበትም። የሚጎዳው የሰው ገንዘብ በእጁ ማደር የሚከብደው፣ ነገ ሳይል አሁኑኑ ልመልስ የሚለው ነው። ስለ ተጭበረበሩ ሰዎች ስንሰማ «ስግብግብነት ነው ያስበላው» ብለን የመፍረድ ልማድ አለን። ብዙ ዘመዶቼ አጠራጣሪ መልእክት በደረሳቸው ቁጥር ወደ እኔ ስለሚልኩት ባለፉት ዓመታት ብዙ ዓይነት አይቻለሁ፤ ካየሁት በመነሣት ይህ ፍርድ በአብዛኛው ስህተት ነው እላለሁ። ዛሬ በእኛ አገር ስልክ ላይ የሚሠራው ማጭበርበር ከስግብግብነታችን ይልቅ ትሕትናችንን፣ ለመሥሪያ ቤት ያለንን አክብሮት፣ ለወዳጅ የመድረስ ልማዳችንን የሚበላ ነው።

በእርግጥ ፍርዱ ከምንም አልመጣም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ «በስፔን የታሰረ ባለጸጋ ነኝ፤ ለማስፈቻ ገንዘብ ብትልክልኝ ከሀብቴ አካፍልሃለሁ» የሚሉ ደብዳቤዎች ይላኩ ነበር። በእኛ ዘመን ይኸው ደብዳቤ ኢሜይል ሆኖ፣ እስረኛው የሟች ጄኔራል ሚስት ወይም የባንክ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ መጣ፤ የናይጄሪያ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ማጭበርበርን በሚመለከተው አንቀጹ ቁጥር «419» እየተባለም ይጠራል። እነዚህ በእርግጥ ባልለፉበት ሀብት የሚያማልሉ ናቸው። የማይክሮሶፍት ተመራማሪ የሆነው ኮርማክ ሄርሊ እ.ኤ.አ. በ2012 ባቀረበው ጥናት እነዚህ ኢሜይሎች ያን ያህል የማይታመኑ ሆነው የሚጻፉበት ምክንያት ቂልነት እንዳልሆነ አስረድቷል፤ ጥርጣሬ ያለው ሰው ገና ሲያነብ ስቆ እንዲያልፍና የሚመልሰው እስከ መጨረሻው ሊከተል የሚችለው ብቻ እንዲሆን ነው። ኢሜይል ለሚሊዮን ሰው መላክ ምንም አያስወጣም፤ ውድ የሚሆነው ከመለሰው ሰው ጋር የሚጠፋው ጊዜ ነው። እኛም ዘንድ ከሞባይል ገንዘብ በፊት «የመኪና ዕጣ ደርሶዎታል፤ ለማስፈጸሚያ የ100 ብር ካርድ ፍቀው ቁጥሩን ይንገሩን» የሚለው ጥሪ የዚህ ቤተሰብ ነበር። ያን ጊዜ ሊሰረቅ የሚችለው ካርድ ስለነበር ጉዳቱም ካርዱን ያህል ነበር።

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ ኤም-ፔሳም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሲከተለው፣ ባንኮቹም አገልግሎታቸውን ወደ ስልክ ሲያመጡ ነገሩ ተለወጠ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሰው፣ የባንክ ደጃፍ ረግጦ የማያውቀው ጭምር፣ ገንዘቡን በኪሱ ባለው ስልክ አስቀመጠ። የስልክ ጥሪ እንደ ኢሜይል በጅምላ አይላክም፤ ደዋዩ ጊዜውንና ድምፁን ማውጣት አለበት። ስለዚህ ማጣሪያው ተቀየረ። ደዋዩ በመጀመሪያዎቹ ዓረፍተ ነገሮች የሚፈልገው ነገር ቢኖር በሌላኛው ጫፍ ያለው ሰው ስልክ ለመዝጋት የሚያፍር መሆን አለመሆኑን ማወቅ ነው።

ጡረታ የወጣችውና ደብረ ብርሃን የምትኖረው አክስቴ የደረሰባትን በዝርዝር ነግራኛለች። ደዋዩ በሙሉ ስሟ ጠርቷት፣ አንቱ ብሎ፣ ከቴሌ እንደሚደውልና የሲም ካርዷ ምዝገባ ካልታደሰ ማታ እንደሚዘጋ ገለጸላት። ስሟን ማወቁ ለእርሷ በቂ ማስረጃ ነበር። ይሁን እንጂ ገንዘብ ለመላክ ሲባል የስልክ ወይም የሒሳብ ቁጥር ሲገባ የተቀባዩ ስም የሚታይበት አሠራር ስላለ፣ ቁጥሯን የያዘ ማንም ሰው ስሟን ሊያይ ይችላል። (ይህ አሠራር የመጣው ሰዎች በስህተት ለማይፈልጉት ሰው እንዳይልኩ ነው፤ «በስህተት ላክሁ» የሚለው ደዋይ ስም ያገኘውም እዚያው ላይ መሆኑ ያስቃል።) ከዚያም ደዋዩ «አሁን ስድስት አኃዝ ያለው መልእክት ይደርስዎታል፤ ያንብቡልኝ» አላት። መልእክቱ ደረሳት። በላዩ ላይ ቁጥሩን ለማንም እንዳትሰጥ ተጽፎበታል። አክስቴ መምህርት ነበረችና ይህን ሳታነብ አላለፈችም፤ ለደዋዩም «ለማንም አይስጡ ይላል እኮ ልጄ» አለችው። እርሱም ሳይደናገጥ «ልክ ነዎት፣ ለውጭ ሰው እንዳይሰጡ ነው፤ እኔ ከመሥሪያ ቤቱ ነኝ» ብሎ መለሰላት።

ያዳናት ባትሪዋ ማለቁ ነው። መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቶ ስለነበር ስልኳ በንግግሩ መካከል ጠፋ፤ ከጎረቤት ሞልታ ስታበራው ሊያማክራት የሚችል ሰው ደርሶ ነበር። በኋላ ለምን ቀድማ እንዳልዘጋችው ስጠይቃት የሰጠችኝ መልስ «የሰው ልጅ እያወራ ስልክ ጆሮው ላይ እንዴት ይዘጋል?» የሚል ነበር። እየተጠራጠረችው ነበር፤ ግን ጥርጣሬዋን በፊቱ መግለጽ ነውር መሰላት። ደግሞም «ከመሥሪያ ቤት ነው» ለሚል ሰው በሕይወቷ ሙሉ መታወቂያዋን እያሳየች፣ ፎርም እየሞላች፣ ነገ ተመለሽ ስትባል እየተመለሰች ኖራለች፤ መሥሪያ ቤቱ ማንነቱን እንዲያስረዳት ጠይቃ አታውቅም። አጭበርባሪው ያንን የቢሮ አነጋገር አሳምሮ ያውቀዋል። «ውድ ደንበኛችን» ብሎ ይጀምራል፣ «እንዳይጉላሉ ብለን ነው» ይላል፣ ሲያመነቱ ድምፁን ከፍ አድርጎ «እንግዲህ በኋላ እኛን እንዳይወቅሱ» ይላል። እውነተኛው ሠራተኛም እንዲህ ሲናገር ሰምተን ስለምናውቅ የሐሰተኛው ቁጣ ራሱ ለማመን ያግዘናል።

የሚጠየቀው ነገር ሁልጊዜ የማረጋገጫ ቁጥር ብቻ አይደለም። አንዳንዶቹ ሰውየው በራሱ ስልክ ላይ «ኮከብ ሁለት አንድ ኮከብ» ብሎ የእነርሱን ቁጥር አስከትሎ በመሰላል እንዲዘጋ ያስደርጉታል። ይህ በብዙ አገሮች የሚሠራ የጥሪ ማዛወሪያ ትእዛዝ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለባለቤቱ የሚደወለው ሁሉ ለእነርሱ ይደርሳል፤ በድምፅ የሚነገር የማረጋገጫ ቁጥር ካለም ሰሚዎቹ እነርሱ ናቸው። በሌላ በኩል ለነጋዴው የሚዘጋጀው የተለየ ነው። ገዢው ዕቃውን ጭኖ ገንዘብ የላከበትን ደረሰኝ በስልኩ ያሳያል፤ ደረሰኙ ግን በፎቶ ማስተካከያ የተሠራ ወይም የባንኩን መተግበሪያ መስሎ ከተሠራ ሐሰተኛ መተግበሪያ የወጣ ነው። መርካቶ ያሉ ነጋዴ ወዳጆቼ አሁን የሰው ስልክ ላይ ያለ ምስል ማየት ትተው የራሳቸውን ሒሳብ ሳያዩ ዕቃ አያስጭኑም። ነጋዴ «ቆይ፣ ገብቶ ልየው» ሲል ማንም አይቀየመውም፤ አክስቴ ያጣችው ይህን ፈቃድ ነው።

ባሕር ማዶ ያሉ ወገኖቻችንም ከዚህ አላመለጡም፤ እንዲያውም በእነርሱ ላይ ሌላ ፍርሃት ይታከልበታል። የአሜሪካ የገቢዎች መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2013 ባወጣው ማስጠንቀቂያ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ መስለው የሚደውሉ ሰዎች በመላ አገሪቱ እንደተስፋፉና ከዒላማዎቻቸው መካከል በቅርቡ የገቡ ስደተኞች እንደሚገኙ ገልጾ ነበር። ደዋዮቹ ግብር አለብህ ይላሉ፤ ገንዘብ በተሞላ ካርድ ወይም በሐዋላ ካልተከፈለ ለእስር፣ ከአገር ለመባረር ወይም መንጃ ፈቃድን ለመነጠቅ ያስፈራራሉ። ቨርጂንያ ውስጥ ታክሲ የሚነዳው የአጎቴ ልጅ ይህ ጥሪ የደረሰው ገና ወረቀቱ ሳይጠናቀቅ ነበር። ግብሩን በሚገባ እንደከፈለ ያውቃል፤ ቢሆንም «ከአገር መባረር» የሚለውን ቃል ከሰማ በኋላ የቀረውን በትክክል መስማት እንዳቃተው ይናገራል። ወደ መደብር ገብቶ የስጦታ ካርዶች ሲያነሣ ገንዘብ ተቀባይዋ «በስልክ የሚያዝህ ሰው አለ ወይ?» ብላ ጠየቀችው፤ እዚያው ካርዶቹን መለሰ። የመንግሥት ግብር በስጦታ ካርድ እንደማይከፈል፣ መሥሪያ ቤቱም ጉዳይ ካለው አስቀድሞ በፖስታ ደብዳቤ እንደሚጽፍ ያወቀው በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የሕንድ ፖሊስ በሙምባይ አቅራቢያ በምትገኘው ታኔ የዚህ ዓይነት የጥሪ ማዕከላትን ሲወርር በየወንበሩ ተቀምጠው ያገኛቸው በአብዛኛው ሥራ ፍለጋ የገቡ ወጣቶች ነበሩ። በዚያው ወር የአሜሪካ ዐቃቤ ሕግ በ61 ግለሰቦችና ድርጅቶች ላይ ክስ መመሥረቱን አስታወቀ።

ቴሌግራም ላይ የሚሠራው ደግሞ የቢሮውን አክብሮት ትቶ ወዳጅነትን ይይዛል። መጀመሪያ ከሚያውቁት ሰው «የእኅቴ ልጅ ውድድር ላይ ናት፣ ድምፅ ስጡልኝ» የሚል ማስፈንጠሪያ ይመጣል። ማስፈንጠሪያው የስልክ ቁጥር ያስሞላል፤ ቀጥሎ የሚደርሰውን ኮድ ያስገቡ ይላል፤ ያ ኮድ ግን የቴሌግራም መግቢያ ነው። አካውንቱ ከተወሰደ በኋላ ለወዳጅ ሁሉ በባለቤቱ ስምና ፎቶ «ሰላም ነው? ትንሽ ቸግሮኝ ነበር፤ 5,000 ብር ካለህ እስከ ነገ አበድረኝ» የሚል ይላካል። ከብድሩ ጋር የሚሰጠው የሒሳብ ቁጥር በሌላ ሰው ስም ሲሆን «የሠራተኛዬ ነው፣ የእኔ አልሠራ ብሎ ነው» የሚል ማብራሪያ ይከተላል። በእኔ ላይ ይህ ሲሞከር የጻፈልኝ «ሰው» የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ነበር። መልሼ ልደውልልህ ስለው ስብሰባ ላይ ነኝ አለ። ለአፍታ ያሰብሁት፣ እውነት እርሱ ከሆነና ከቸገረው በጥያቄዬ እንዳላሳፍረው ነበር። ገንዘብ መጠየቅ ምን ያህል እንደሚከብድ እናውቃለንና የጠየቀንን ሰው ማንነቱን እንዲያረጋግጥ መጠየቅ ሁለተኛ ውርደት ሆኖ ይታየናል። ደውዬ ሳገኘው አካውንቱ ከተወሰደ እንደሰነበተና ስንት ሰው ለአጭበርባሪው ገንዘብ እንደላከ ገና እየተጣራ መሆኑን ነገረኝ። ከላኩት መካከል ከማንም ይበልጥ ያሳዘኑት ራሳቸው ተበድረው የላኩት ነበሩ።

ተስፋን ስለሚይዘው ማጭበርበር ከተነሣ ዲቪን መዝለል አይቻልም። የዲቪ ሎተሪ በአሜሪካ ሕግ በየዓመቱ እስከ 55,000 ቪዛ የተመደበለት ፕሮግራም ሲሆን በእኛ አገር የማያውቀው ቤት የለም። «እንኳን ደስ አለዎት፣ ተመርጠዋል» የሚለው ኢሜይል የአሜሪካን ንስርና ባንዲራ ይዞ፣ የሚከፈለውን ዶላርና የሚላክበትን ስም ዘርዝሮ ይመጣል። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ግን ተመርጠሃል ብሎ ኢሜይል አይልክም፤ ውጤት የሚታየው አመልካቹ ራሱ በመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ የማረጋገጫ ቁጥሩን አስገብቶ ሲያይ ነው። የቪዛው ክፍያ 330 ዶላርም በሐዋላ ለግለሰብ አይላክም፤ ለቃለ መጠይቅ በተቀጠሩበት ኤምባሲ ይከፈላል። እዚህ ላይ ከኢሜይሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ቅርብ ያለው ነው። ብዙ ሰው ፎርሙን የሚያስሞላው ኢንተርኔት ቤት ሄዶ ነው። የማረጋገጫ ቁጥሩን ለባለቤቱ ሳይሰጡ የሚያስቀሩ፣ ውጤት ሲወጣ ሰብስበው የሚያዩና የደረሰውን ሰው ፈልገው «ቁጥሩን ከፈለግህ ይህን ያህል ክፈል» የሚሉ አሉ። አንዳንዴም ከገንዘቡ ሌላ የማያውቁትን ሰው እንደ ትዳር ጓደኛ አስመዝግበው እንዲወስዱ ይጠየቃሉ። እንዲህ ያለውን የከፈለ ሰው ተጭበረበርሁ አይልም፤ ብዙውን ጊዜ ውለታ የተዋለለት ይመስለዋል።

እስካሁን ስለ ደዋዩ ስናገር አውቆ የሚያደርግ ሰው እንደሆነ አድርጌ ነው። ለሠፈር አጭበርባሪ ይህ እውነት ነው። በእንግሊዝኛ «ሰላም፣ ባለፈው ሳምንት የተገናኘን አንቺ ነሽ?» ብሎ እንደተሳሳተ አስመስሎ የሚጀምረውን፣ ለሳምንታት ወዳጅ ሆኖ ቆይቶ በመጨረሻ ሐሰተኛ የክሪፕቶ ገንዘብ ንግድ ውስጥ የሚያስገባውን መልእክት በተመለከተ ግን እርግጠኛነቴ ከየካቲት 2017 ዓ.ም. ወዲህ ተናግቷል። በዚያ ወር በምያንማር ድንበር ያለ አንድ የታጠቀ ቡድን ከማጭበርበሪያ ግቢዎች ያስወጣቸውን 260 ሰዎች ወንዝ አሻግሮ ለታይላንድ አስረከበ። ከ20 ገደማ አገሮች የመጡ ነበሩ፤ ከመካከላቸው 138ቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ቁጥሩን መጀመሪያ ሳነብ የተሳሳተ መሰለኝ። እነዚህ ወጣቶች የሄዱት ታይላንድ ውስጥ የኮምፒዩተር ወይም የደንበኞች አገልግሎት ሥራ አለ ተብለው ነው፤ ከባንኮክ በመኪና ወደ ድንበሯ ከተማ ሜሶት ይወሰዳሉ፤ ሞይ የተባለውን ወንዝ ሲሻገሩ ፓስፖርታቸው ይነጠቃል። ከዚያ በኋላ በቀን ውስጥ የተወሰነ ቁጥር ያለው ሰው ማጥመድ ግዴታቸው ነው፤ ያላሟላ ይደበደባል፣ በኤሌክትሪክ ይነዘራል፤ ለመውጣት ለሚፈልግም ቤተሰቡ ማስለቀቂያ ይጠየቅበታል። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 ባወጣው ሪፖርት በምያንማር ቢያንስ 120,000፣ በካምቦዲያ ደግሞ 100,000 ገደማ ሰዎች በዚህ ሁኔታ ተይዘው ሊሆን እንደሚችል ገምቷል።

አጭበርባሪን በመልስ እያስለፉ ጊዜውን ማባከን እንደ ጨዋታ የሚታይበት ልማድ በበይነ መረብ ላይ አለ። እኔ አልወደውም። በዚያኛው ጫፍ ያለው ልጅ ከእኔ ጋር ባጠፋው ሰዓት ምክንያት ማታ የሚገረፍ፣ ምናልባትም አማርኛ የሚናገር ሊሆን ይችላል። ሳይመልሱ ማጥፋት ለሁለታችንም ይሻላል። ይህን ስል ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል፤ ወጣቶቹ ወደዚያ የሄዱት በስልካቸው በደረሰ ሐሰተኛ የሥራ ማስታወቂያ ነው፤ ደላላውም አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቁት፣ አንዳንዴም የሚዛመዳቸው ሰው ነበር። «በነጻ አውሮፕላን ትኬት፣ በወር 1,000 ዶላር» የሚለውን ሥራ በሚገባ እንጠይቅ ቢሉ ያቀረበላቸውን ዘመድ እንደመጠርጠር ይቆጠርባቸዋል።

ከተጭበረበሩ በኋላ የሚመጣው ዝምታ ደግሞ ለብቻው ሊጻፍበት የሚገባ ነው። «ሞኝን እባብ ሁለት ጊዜ ነደፈው፤ አንድ ጊዜ ሳያይ፣ አንድ ጊዜ ሲያሳይ» የሚለው ተረት በየቤቱ ይነገራል። ተረቱ የተጎዳን ሰው ለመሳቂያ ሲጠቀስ መስማት ያስከፋኛል፤ ትክክለኛ ቦታው ግን እዚህ ላይ ነው። ገንዘቡን ያጣ ሰው ጉዳቱን ይፋ ባደረገ በቀናት ውስጥ «የሳይበር ፖሊስ ነኝ»፣ «ገንዘብ አስመላሽ ጠበቃ ነኝ» የሚሉ ሰዎች ይደውሉለታል፤ ለማስከፈቻ ጥቂት ክፍያ ብቻ ይጠይቁታል። ብዙዎቹ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ራሳቸው ናቸው፤ ስልኩ አላቸው፣ ስሙ አላቸው፣ ምን ያህል እንዳጣም ያውቃሉ። ለዘመድ ያልነገረና ብቻውን የሚብሰለሰል ሰው ይህን ጥሪ እንደ መላእክት ድምፅ ይሰማዋል። ዝም ያለውም ልጆቹ «አንተ ከእንግዲህ ስልክ መያዝ የለብህም» እንዳይሉት ፈርቶ ነው። ይሉታልም። ባለሱቋ እናት ልጃቸው መተግበሪያውን ከስልካቸው ላይ አጥፍቶባቸዋል፤ አሁን ዱቤ የሚከፍልላቸውም፣ ሒሳባቸውን የሚያይላቸውም እርሱ ነው። ከ4,500 ብሩ ይልቅ የሚያነሡት ይህንን ነው።

ስለዚህ ለአክስቴ «ተጠንቀቂ» ማለቱ ብዙ አልጠቀመም፤ ተጠንቅቃ ነበር። የጠቀማት ሳታፍር የምትናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ማግኘቷ ነው። «እሺ ልጄ፣ እኔ ያለ ልጄ ምንም አላደርግም፤ ራሴ ደውዬ እጠይቃለሁ» ትልና ትዘጋለች። እውነተኛ ጉዳይ ከሆነ ለቴሌ 994፣ ለንግድ ባንክ 951 ደውላ ታጣራለች። ዓረፍተ ነገሩ ደዋዩን ሌባ አይለውም፤ ጥፋቱን ወደሌለው ልጅ ያዞረዋል (አክስቴ ልጅ የላትም)። ገንዘብ ከወጣ በኋላም ቢሆን ቶሎ ደውሎ ማሳገድ ያለው ጥቅም ትልቅ ነው፤ ብሩ ከደረሰበት ሒሳብ ላይ በጥሬው እስኪወጣ ያለው ጊዜ አጭር ቢሆንም ባዶ አይደለም። ጥንቃቄውን ሁሉ ግን በአረጋውያን ትከሻ ላይ መጫን አይገባም። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚላክለት ቁጥር የሚወጣን ከፍ ያለ ገንዘብ ለጥቂት ሰዓት ማቆየት፣ መልእክትን በተጠቃሚው ቋንቋ መላክ፣ በደሃ መታወቂያ የወጡ ሲም ካርዶችን መቆጣጠር የተቋማት ሥራ ነው። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒዩተር የሚፈጸም ማታለልን ወንጀል አድርጎታል፤ ጉዳዩን ለመግፋት ግን የተጎጂው ቃል ይጠየቃል።

ባለፈው የእድራችን ስብሰባ ላይ ጸሐፊው ይህን ጉዳይ አንሥተው ማን እንደደረሰበት ጠየቁ። መጀመሪያ ማንም አልተናገረም። አንዲት እናት «ለእኔ ሳይሆን ለጎረቤቴ» ብለው ከጀመሩ በኋላ ሌሎችም ተከተሉ፤ ስልኮቻቸውን አውጥተው ሲያመሳክሩም የበርካቶቹ ደዋይ አንድ ቁጥር ሆኖ ተገኘ። ጸሐፊው ቁጥሩን ይዘው ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ። እንደተነገራቸው ከሆነ ሲም ካርዱ የተመዘገበው በገጠር በሚኖሩ አንድ አዛውንት ስም ነው፤ እርሳቸውም ስለ ቁጥሩ የሚያውቁት ነገር የለም። መርማሪው ጉዳዩን ለመቀጠል የተጎዱት ሰዎች እየመጡ ቃላቸውን እንዲሰጡ ጠየቀ። እስካሁን የሄዱት ሁለት ናቸው፤ ሌሎቹ የሰጡት ቃል የሰፈረበት ወረቀት በልጆቻቸው እጅ ይገባል ብለው እየሠጉ ነው።